ሁለት ጊዜ የተቃጠለው የጋሽ ተፈራ ካምቢዮ

ስለ ካምቢዮ የሚወራ ነገር ማን ያነባል ትሉ ይሆናል። ባለቤቴም እንደዚያው ናት። እራት ላይ አፌን ከፈት ሳደርግ «ደሬ፣ ካምቢዮ የሌለበት ወሬ ካለህ አጫውተን» ትለኛለች፤ ስለሌለኝ ዝም ብዬ እበላለሁ። ይህንን ግን «ጻፈው» ያለችኝ ራሷ ናት። በካምቢዮ ይጀምራል እንጂ በካምቢዮ አያልቅም፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ጎፋ ውስጥ ግቢ ተከራይቼ አውቶማቲክ ካምቢዮ እሠራለሁ። ሌላ ነገር አልነካም። ሞተሩ የሚያንኳኳበት ሰው ወደ ጎረቤቴ ጋራዥ ይሄዳል፣ ፍሬን ያስቸገረው ማዶ ይሻገራል፤ ማርሽ አልገባለት ያለው፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ያለው ወደ እኔ ይመጣል። ያኔ በሰፈሩ በሁለት ነገር እታወቅ ነበር፤ በጥሩ ሥራዬና በክፉ አፌ። ካምቢዮ አቃጥሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ምንም ሳላደርገው ዝም ብሎ ቆመብኝ» ይላል። እኔም ከፍቼ የጠቆረውን ዘይት አሸትቼ «ዝም ብሎ የሚሞት ካምቢዮ የለም፣ አንተ ነህ የገደልከው» እለዋለሁ። መኪናውን ሊያሠራ መጥቶ ተሰድቦ የሚሄድበት ጋራዥ ነበር የእኔ። ደግነቱ ሰው ይመለስ ነበር።

ሌላም የያዝኩት እምነት ነበረኝ። ጉልበተኛ ሞተር ካምቢዮ ይበላል ብዬ አምን ነበር። ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና በሬ ላይ ሲደርስ ገና ሳይቆም «ይኼኛውማ ዕድሜ የለውም» እላለሁ። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት ኃይሉን ወደ ጎማ በሚያስተላልፉት ስስ የካምቢዮ ሰሌዳዎች በኩል ካለፈ ምን ሊተርፍ ነው? ነገሩ ግልጽ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ተፈራ የሀና ማርያም ሰው ናቸው። ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። ወጣትነታቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ ኖረው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከአንድ ልጃቸው ከሰላማዊት ጋር ተጋግዘው አንድ ትልቅ የመስክ መኪና ገዙ። ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አውቶማቲክ፣ ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጣ። ለሠርግና ለመስክ ሥራ ያከራዩታል፤ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። መኪናውን ሲወለውሉ ሲያጥቡ ላያቸው ሰው አዲስ የተዳሩ ነው የሚመስሉት።

ካምቢዮው ክረምት መግቢያ ላይ ተቃጥሎ መጣ። ሙሉውን አፍርሼ ሠራሁት። ክረምቱ ሳይወጣ እንደገና ተቃጠለ። ይህ በእኔ ሥራ ውርደት ነው። የሠራሁት ካምቢዮ በሁለት ወር ሲመለስ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ ጥፋቱን ወደ ሞተሩ አዞርኩት። «ጋሽ ተፈራ፣ ይኼ ሞተር ለዚህ ካምቢዮ በዝቶበታል» አልኳቸው። እሳቸውም «በቃ በዝቶበት ይሆናል» ብለው ቶሎ ተስማሙ። ያኔ ለምን ቶሎ እንደተስማሙ አልጠየቅኩም።

በዚያው ቀን ሰላማዊት ከቢሮዋ ወጥታ ጋራዥ መጣች። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው።

«ደረጀ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራው። ከዚህ በኋላ ከተቃጠለ መኪናው ይሸጣል። አባዬም ያርፋል።»

ጋሽ ተፈራ አጠገባችን ቆመው ሰምተዋል። እሷ ታክሲ ይዛ ከሄደች በኋላ ግን እጄን ያዙኝ።

«ደረጀ ልጄ፣ ይኼን መኪና እንዳታስቀማኝ» አሉ። «እኔ መሪ ካልያዝኩ ምኔ ነኝ? ቤት ተቀምጬ የጎረቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ልስማ?»

ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ነገር ከሌላ ደንበኛ ሰምቼው የማላውቀው ነው። ፈርተው ነበር። አፌ ክፉ ቢሆንም ልቤ ድንጋይ አይደለም፤ ካምቢዮውን እንደ ራሴ አድርጌ ሠራሁት። ሰሌዳዎቹን ሁሉ ቀየርኩ፣ ለካምቢዮ ዘይቱ ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ከፊት አሰርኩለት። ከዚያም አንድ ነገር ወሰንኩ። ይህ መኪና ከግቢዬ ሲወጣ ጎናቸው ተቀምጬ አብሬ እሄዳለሁ፤ የዘይቱን ሙቀት የሚያሳየውን መሣሪያ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ይህ ካምቢዮ የት ቦታ እንደሚሞት በዓይኔ አያለሁ።

መስከረም ነበር፤ ጠዋቱ ብሩህ ነው። ጋሽ ተፈራ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ። እግራቸው ላይ ግን ተረከዙ የተረገጠ ስስ የሸራ ጫማ ነበር፤ ሙሉ ጫማ እየጠበበባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። በፈታታኋቸው ዕቃዎች መሐል ሲያልፉ የግራው ጫማ ከእግራቸው ወልቆ ቀረ። እሳቸው ግን መሄዳቸውን አላቋረጡም። በአንድ ባዶ እግራቸው መሬቱን እየረገጡ መኪናው ድረስ ደረሱ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ጫማዎን እየጣሉልኝ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ።

ዞር ብለው አዩት። «ወይ እርጅና» ብለው እሳቸውም ሳቁ፤ አምጥቼ አደረግኩላቸው። ሁለታችንም እየሳቅን መኪናው ውስጥ ገባን።

ከጎፋ ወደ መካኒሳ ስንወርድ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ማርሹ ሲቀያየር አይሰማም። የዘይቱ ሙቀት ባለበት ረግቷል። ጋሽ ተፈራ መሪውን በሁለት ጣት ይዘው ስለ ድሮ መንገድ እያወሩኝ ነው፤ ተሳቢ ሙሉ ስንዴ ጭነው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያላቸውን ቀን። ጥሩ ሹፌር ናቸው። መኪና የሚነዳ ሰውና መኪና የሚያውቅ ሰው ይለያያሉ፤ እሳቸው የሚያውቁት ናቸው።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር መንገዱ ተዘጋጋ። ፊት ለፊታችን ሚኒባስ፣ ኋላችን ሚኒባስ፣ ዳር ዳሩን ወደ ሥራ የሚጣደፍ ሰው። ቆምን። ቆምን ስል፣ መኪናው ቆሟል፤ ሞተሩ ግን በትንሹ ያጉረመርማል። ጉልበቴ ላይ ያለው መሣሪያ ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቀና ብዬ የጋሽ ተፈራን እግር አየሁ። ፍሬን ላይ አይደለም። ነዳጁን በመጠኑ ረግጠው፣ ያን የሚያህል መኪና ዳገት ላይ በሞተር ጉልበት ብቻ አንጠልጥለው ይዘውታል።

አገኘሁት አልኩ በልቤ።

ይህንን የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። በእጅ ማርሽ መኪና ዳገት ላይ ፍሪሲዮንና ነዳጅ አመጣጥኖ፣ ፍሬን ሳይነካ መኪናውን ማቆም የሹፌርነት ኩራት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ስንማር ሁላችንም በዚያ ተፈትነናል። በአውቶማቲክ መኪና ግን ሞት ነው። ሞተሩ ይገፋል፣ መኪናው አይሄድም። ያ ጉልበት ታዲያ የት ይሂድ? የካምቢዮውን ዘይት ይቀቅላል። ሞተሩ በበረታ መጠን ቶሎ ይቀቅላል።

«ጋሽ ተፈራ፣ ፍሬን ይያዙ» አልኳቸው።

«ዳገት ላይ?» አሉ ፈገግ ብለው። «እኔ ተፈራ፣ ዳገት ላይ ፍሬን?»

«ይኼ ተሳቢ አይደለም። ፍሪሲዮን የለውም። ካምቢዮውን እየቀቀሉት ነው። ሁለት ጊዜ የገደሉትም በዚሁ ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሁሉ ድካም ምን አመጣው?»

ስድቤን ልጀምር ነበር። እሳቸው ግን አልተከራከሩኝም። «እሺ፣ እሺ» አሉ። ፈገግታቸው ጠፋ። መንገዱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ሄድን፣ እንደገና ቆምን። እግራቸው አሁንም ነዳጁ ላይ ነው።

«ጋሽ ተፈራ።»

«እሺ አልኩህ።»

ያኔ ነው ያየሁት። አንገታቸውን አቀርቅረው ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ዕድሜ ልኩን የነዳ ሰው ፔዳል በዓይኑ ፈለገ። እግራቸውን ቀስ አድርገው አነሡ፤ ወደ ግራ ወሰዱ፤ አስቀመጡ። ፍሬኑን ግን ሳቱት። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላችን የሚኒባሱ ጥሩንባ አንባረቀ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ በመዳፉ በሩን እየደበደበ «ኧረ ፋዘር፣ መጣህብን!» አለ። ጋሽ ተፈራ ደንግጠው ረገጡ። የረገጡት ነዳጁን ነው።

ያ ስምንት ሲሊንደር ጉልበቱን ያሳየኝ ያኔ ነው። መኪናው ጮኾ ወደ ፊት ተወረወረ። ከፊታችን ባለው ሚኒባስና በእኛ መሐል አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ልትሻገር ገብታ ነበር። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎተትኩ፣ የማርሹን ዘንግ ወደ ባዶው ማርሽ መታሁት። ሞተሩ ባዶውን እየጮኸ መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ሴትየዋ ልጇን ወደ ቀሚሷ ስባ በመስታወቱ አሻግራ አየችን። ዓይኗን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ተሻገረች።

ጋሽ ተፈራ ላብ አጥምቋቸዋል። በላያቸው ላይ ተዘርግቼ መሪውን እየያዝኩ፣ እግራቸውን እሳቸው በዓይናቸው እያዩ፣ በስንት መከራ ዳር ወጥተን አንድ ጎሚስታ በር ላይ ቆምን። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ። ተቆጥቼ ነበር።

«ምንም። ጫማው ነው። ሰፊ ነው።»

ጫማውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። የመኪናው ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ደም ነበር። ጠብታ አይደለም፤ በፔዳሉ ዙሪያ ተረግጦ የተቀባ ደም። የሸራው ጫማ ሶል ሥር የአንዲት ሹል ብሎን ጭንቅላት ያብለጨልጫል። የእኔ ብሎን ናት። ከግቢዬ መሬት ላይ ነው የረገጧት። ከጎፋ እስከዚህ ድረስ እየተጫኑባት ነው የመጡት።

«ጋሽ ተፈራ፣ እግርዎ ይደማል።»

«የማን?»

ወደ ታች አዩ። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው ነው ያዩት።

«አያምዎትም?»

በእጃቸው እግራቸውን ነካ ነካ አደረጉት። ውጭ ጎሚስታው ጎማ ይመታል። «አያመኝም» አሉ በመጨረሻ፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካመመኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ጉንዳኑ ጠፋና ጥጥ የረገጡ መሰላቸው። ከዚያ ጥጡም ጠፋ። ስኳር እንዳለባቸው ድሮ ተነግሯቸዋል፤ መድኃኒቱን ጀምረው፣ ደህና ነኝ ብለው ትተውታል። ለሰላማዊት አንድም ቀን አልተናገሩም።

«እና ፔዳሉን እንዴት ነው የሚያውቁት?»

«በዓይኔ» አሉ። «ሜዳ ላይ ችግር የለም፤ አይቼ አስቀምጣለሁ። ዳገት ላይ ግን እግሬን ከነዳጁ ካነሳሁት የት እንዳረፈ አላውቅም። ስለዚህ አላነሳውም። እዚያ እንዳለ ቢያንስ አውቃለሁ።»

እኔ ሁለት ጊዜ ያን ካምቢዮ አፍርሼ ሠርቻለሁ። ሞተሩን ሰድቤአለሁ፣ የሠራውን አገር ሰድቤአለሁ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ እሳቸውን ልሰድብ ነበር። ካምቢዮውን ያቃጠለው ጉልበት አልነበረም። እግሩን ማንሳት የፈራ ሰው ነበር። ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም።

«ቦታ እንቀያየር» አልኳቸው።

«ለሰላም አትንገራት።»

«ጋሽ ተፈራ…»

«አደራ፣ ደረጀ። ከነገርካት መኪናው አለቀ። እኔም አለቅኩ።»

ምንም ቃል አልገባሁላቸውም። ደግፌ አዞርኳቸውና በገዛ መኪናቸው የተሳፋሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ቀበቶውን በየትኛው ትከሻቸው እንደሚያሳልፉ ጠፍቷቸው ያዙት። ተቀብዬ አሰርኩላቸው።

በአቅራቢያችን ወደነበረው ጤና ጣቢያ ይዣቸው ገባሁ። የተቀበለችን ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ጫማውን ራሷ አውልቃ ብሎኗን አወጣች፤ እሳቸው ፊታቸውን እንኳ አላጨማደዱም። አጥባ ስትጨርስ «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለች። «እግርዎን በዚህች ቀጭን ነገር እነካለሁ። በነካሁዎት ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጋሽ ተፈራ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪሟ ተረከዛቸውን ነካች። ዝም። መሐሉን ነካች። ዝም። አውራ ጣታቸውን፣ ትንሿን ጣት፣ የእግራቸውን ጠርዝ ነካች። ከዚያ ወደ ግራው እግር ዞረች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ በልቤ «አዎ ይበሉ፣ አንዴ እንኳ አዎ ይበሉ» እያልኩ እለምናለሁ። እሷ ጨርሳ መሣሪያዋን አስቀመጠች።

ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «እሺ የኔ ልጅ፣ ዝግጁ ነኝ፤ ጀምሪ» አሏት።

ሐኪሟ ወደ እኔ ተመለከተች። ጋሽ ተፈራ ዝምታው ሲረዝምባቸው ዓይናቸውን ገለጡ፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ፤ ገባቸው። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ትከሻቸውን ያዝኩ፤ ያኔ አለቀስኩ።

የብሎኗ ቁስል ቀላሉ ነበር። በቀኝ እግራቸው በሁለቱ ትንንሽ ጣቶች መሐል እሳቸው ጭራሽ የማያውቁት፣ የቆየና የጠቆረ ሌላ ቁስል ተገኘ። ሐኪሟ ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለባቸው አለች፤ ትንሽ ቢቆዩ እግሩን ማትረፍ ያስቸግር ነበር አለች። ያቺ ብሎን ባትወጋቸው ማንም ያንን ጫማ አያወልቅም ነበር።

ስልኬን አውጥቼ የሰላማዊትን ቁጥር ፈለግኩ። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ። እኔ ልንገራት።»

ሰላማዊት በታክሲ እየተጣደፈች መጣች። አባቷ ሁሉንም ነገሯት፤ ዳገቱን፣ ነዳጁን፣ ያቺን ሴትዮና ልጇን ሳይደብቁ። እሷ አልጮኸችም። አልጋው ሥር የነበረውን የሸራ ጫማ አንስታ ሶሉን ገልብጣ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«አባዬ፣ ካምቢዮውን ሁለት ጊዜ ስታሳይ እግርህን አንድ ጊዜ አታሳይም?» አለች። «እኔ እኮ መኪናውን እሸጣለሁ ያልኩት እንድታርፍልኝ ነው። እንድትደበቀኝ አይደለም።»

«መሪውን እንዳላጣ ብዬ ነው፣ ሰላሜ» አሉ።

«እኔንስ?» አለችና ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች።

ትንሿ ጣት ልትተርፍ አልቻለችም። እግሩ ግን ተረፈ። ጋሽ ተፈራ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና አልነዱም። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንድ ሰሞን ከሰው ጋር አልነጋገርም ብለው ነበር። መኪናው ግን አልተሸጠም። ሰላማዊት መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ለሥራ ቀን ሹፌር ቀጠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ እሷ ትነዳለች፣ እሳቸው ጎኗ ተቀምጠው ያስተምራሉ። ዳገት ላይ ሲቆሙ «ፍሬን፣ ፍሬን» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

እኔስ ምን ተለወጥኩ? ግቢዬን አሁን በየቀኑ አስጠርጋለሁ፤ ያ ትንሹ ነው። የተቃጠለ ካምቢዮ ሲመጣልኝ ዘይቱን ከማሽተቴ በፊት ሰውየውን አስቀምጬ አወራዋለሁ። የት ይውላል፣ ዳገት ላይ ምን ያደርጋል፣ ጉልበቱን ያመዋል ወይ፣ ዓይኑስ? አንዳንዱ ይስቅብኛል። ሞተር ጉልበተኛ ቢሆን ጥሩ ካምቢዮ ይችለዋል፤ በልኩ ከነዱት ከእኔም በላይ ይኖራል። መኪናው ሳይሄድ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሲገፋ ግን ማንም አይችለውም። እናንተም ቤታችሁ መኪና የሚነዳ ትልቅ ሰው ካለ፣ ደግሞም ስኳር ካለበት፣ ስለ መኪናው ስትጠይቁት እግሩንም ጠይቁት። ጫማውን አስወልቁት። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከሆስፒታል ሲወጡ የእግራቸውን መርገጫ በየቀኑ እንዲያዩ ታዝዘው ነበር። ጎንበስ ማለት አይችሉም፤ ልጄ እግሬን አታነሳም ብለው ደግሞ እምቢ አሉ። እኔ ጋር እጀታው ረጅም የሆነ ትንሽ መስታወት ነበረች፤ ካምቢዮ ሥር፣ ጭንቅላት የማይገባበት ቦታ የሚፈስ ዘይት ካለ የማይባት። እሷን ወስጄ ሰጠኋቸው። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ገልብጠው ሲያዩባት ፊታቸው ላይ የነበረው ትኩረት፣ መኪና ሥር የተኛ መካኒክ ትኩረት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሰላማዊት እየነዳች ወደ ግቢዬ ገቡ። ጋሽ ተፈራ ጠንካራ የተዘጋ ጫማ አድርገው፣ መሬቱን በዓይናቸው እየጠረጉ ቀስ ብለው ወረዱ።

«የካምቢዮውን ዘይት እየው እስቲ» አሉኝ።

መለኪያውን ስቤ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ዘይቱ ቀይና ንጹሕ ነበር፤ አሳየኋቸው።

«እርስዎስ ዛሬ አይተዋል?» አልኳቸው።

«ጠዋት አይቼዋለሁ» አሉ። «ደህና ነው።»